ከወልድያ መርሳ አንድ ደቂቃ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ለሦስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ የሻረግ አንዱን የባጃጅ ወንበር ልብስ ለሦስተኛ ጊዜ ተረተረችው። ክሩ አልተበጠሰ፣ ጨርቁ አልተሸበሸበ፤ እጇ ነው እንቢ ያላት። መርፌው ሲወርድ እግሯ ፔዳሉን ይረሳል፤ እግሯ ሲያስታውስ ደግሞ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰዓት ይሸሻል።

«እትዬ፣ ያንን ጨርቅ ተይው በሞቴ። ምን በደለሽ?» አላት ተፈራ።

ተፈራ መካኒክ ነው። ጋራዡና የእሷ የስፌት መኪና አንድ የቆርቆሮ ጥላ ይጋራሉ። አሁን ከአንድ ሚኒባስ ሥር ገብቶ ክላች እየቀየረ ስለሆነ የሚታየው ሁለት እግሩ ብቻ ነው።

«ምን አደረግሁት?»

«ሦስት ጊዜ ስትተረትሪው ሰማሁሽ። ድምፁን አውቀዋለሁ።»

«አንተ ሥራህን ሥራ።»

«እኔማ እየሠራሁ ነው። እግሬን አታይውም?»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅለት ነበር። ዛሬ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልጇ ፍሬሕይወት በወልድያው ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ልትናገር ነው። ላለፉት ሦስት ወራት በሙከራ ስትሠራ ሥራዋ ዜና መጻፍና የሌላ ሰው ድምፅ መቁረጥ መቀጠል ነበር። የሚቀጠረው አንድ ሰው ነው፤ ተፈታኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ተፈትኖ የግማሽ ሰዓቱን ዝግጅት እንደ ውሃ ወረደው። ዛሬ የፍሬሕይወት ተራ ነው። ከተሳካላት ሥራው የእሷ ነው። ካልተሳካላት ሰኞ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ መርሳ ትመለሳለች።

ይህ ለማንኛዋም እናት የሚበቃ ጭንቀት ነው። የሻረግ ግን ሌላም ነገር ነበረባት። ፍሬሕይወት ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አፏ ይያዛል። ሁልጊዜ አይደለም። የተዘጋጀችበትን ስታነብ ምንም አትሆንም። ያላሰበችው ነገር በድንገት ሲመጣባት ነው የምትያዘው። መጀመሪያ አንዲት አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ትስባለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ ዓይኖቿ ብቻ ይናገራሉ። በትምህርት ቤት ልጆቹ «ሞተሩ ጠፋ፣ ግፏት!» እያሉ ከኋላዋ ይስቁ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ብዙ ተሻላት። አልተዋትም፤ ተሻላት።

ያኔ በልጅነቷ ለዚህ መላ ያገኘላት አባቷ ብርሃኑ ነበር፤ ያውም ሳያስበው። ብርሃኑ በመርሳና በወልድያ መካከል ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ ተፈራ ደግሞ ያን ጊዜ የእሱ ረዳት ነበር። አንድ ቅዳሜ ተፈራን ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘጋ። ብርሃኑ የሰባት ዓመቷን ልጅ አንሥቶ በሩ ላይ አቆማትና «በይ አንች ጥሪልኝ» አላት። የሻረግ ከስፌት መኪናዋ ላይ ተነሥታ ልትከለክለው ነበር። ልጅቱ ግን ጠራች። ረዳቶች በሚያዜሙት ዜማ፣ አንዴም ሳትያዝ ጠራች፦ «ስሪንቃ! ወልድያ! ወልድያ ያለ! አንድ ሰው የቀረው!» መኪናው ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። ባዶውን መኪና «አንድ ሰው የቀረው» ማለት የብርሃኑ ልማድ ነው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ያውቅበታል፣ እየሳቀ ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሪው የፍሬሕይወት ሆነ።

ብርሃኑ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ያንን ጥሪ ከቤታቸው ማንም አላነሣውም። የሻረግም ስለሱ አታወራም። የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋለች።

ነሲባ ስፒከሯን በአንድ እጇ፣ መሐረቧን በሌላው ይዛ እየሮጠች መጣች። ከየሻረግ ቀጥሎ ያለችው ትንሽዬ የስልክ ዕቃ ሱቅ የእሷ ናት። የወልድያው ሬዲዮ ሞገድ ከስሪንቃ ወዲህ እየደከመ መርሳ ሲደርስ ሹክሹክታ ይሆናል፤ አሁን ግን ጣቢያው በኢንተርኔት መተላለፍ ስለጀመረ ስልክ ያለው ሁሉ ሊሰማው ይችላል። ፍሬሕይወት ሊንኩን በቴሌግራም ለእናቷ ልካ፣ አብራም አደራ ልካ ነበር፦ «እማዬ፣ እንዳትመጭ። በስቱዲዮው መስታወት ካየሁሽ አልችልም። እዚያው ሆነሽ ስሚኝ። ለማንም ደግሞ እንዳትነግሪ።» የሻረግ ሊንኩን መክፈት ስላቃታት ለነሲባ ብቻ ነገረቻት። ነሲባም ለማንም አልነገረችም፤ ለደንበኞቿ ብቻ ነው የነገረችው።

«እትዬ የሻረግ፣ ስልክሽ ሞልቷል?» አለች ነሲባ እያለከለከች። «የእኔው ሞተ። መብራት ከትናንት ጀምሮ እንደጠፋ ነው።»

«ተፈራ ከመኪና ባትሪ ላይ ሞልቶልኛል።»

«አላህ ይስጥህ ተፈራ!»

«አሜን፤ እግሬን አትርገጭኝ እንጂ» አለ ተፈራ ከሥር።

ከመንገዱ ማዶ ሦስት የባጃጅ ሹፌሮች ባጃጆቻቸውን አቁመው መጡ። አንዲት ሙዝ ሻጭ ዘንቢሏን ይዛ ጥላው ሥር ተቀመጠች። ከማለዳው ጀምሮ የውሃ ፓምፓቸው እስኪጠገን ጎማ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁት ሼህ አብዱልሐሊም ይህን ሁሉ ሲያዩ መቁጠሪያቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። የሐብሩ ገበሬ ናቸው፤ ሽንኩርታቸው ውሃ ከጠጣ ሁለት ቀን አልፎታል።

«ምንድን ነው ይሄ? ሠርግ አለ እንዴ?»

«የእትዬ የሻረግ ልጅ በሬዲዮ ልትናገር ነው አባባ» አለቻቸው ነሲባ።

«ሬዲዮው የታለ?»

«ይኸው፤ በስልክ ነው። ድምፁ ከወልድያ ይወጣና መጀመሪያ ባሕር ማዶ ወዳለ ትልቅ ኮምፒውተር ይሄዳል። ከዚያ ነው ተመልሶ ወደኛ የሚመጣው።»

ሼህ አብዱልሐሊም አስፋልቱን ወደ ሰሜን አዩት። «ከወልድያ መርሳ ለመምጣት ባሕር ይሻገራል? መንገዱ ምን ሆነ?»

ጥላው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። «አንድ ደቂቃ ያህል ይዘገያል እንጂ ይደርሳል አባባ» አለች ነሲባ።

«ባሕር ተሻግሮ በደቂቃ ከተመለሰማ ከተፈራ ሚኒባስ ይሻላል።»

ሁለቱ እግሮች ተንቀሳቀሱ፤ ተፈራ ክላቹን አስሮ ጨርሶ ከሥር ወጣ። ፊቱ ግራሶ ነው፤ ግን ፀጉሩን በእጁ አስተካከለ፤ የሚታይ ይመስል።

ነሲባ የየሻረግን ስልክ ከስፒከሩ ጋር አገናኘችው። መጀመሪያ ሙዚቃ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ ጎረቤት ቤት የሚዘፈን የሚመስል ክራር። የሻረግ ሰዓቱን አየች። ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ ክራሩ ግን ገና አላለቀም። ወልድያ ላይ አሁን ጀምራለች ማለት ነው። ልጇ አፏን ከፍታለች፤ እሷ ግን የምትሰማው ከአንድ ደቂቃ በፊት የነበረውን ክራር ነው።

ክራሩ ቆመ። «ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፤ ይህ የቅዳሜ ጠዋት የመንገደኛ ዝግጅታችን ነው» አለ አንድ የወንድ ድምፅ። «በዛሬው ዕለት ከእናንተ ጋር የምትቆየው ባልደረባችን ፍሬ…»

ስልኩ ጮኸ። ስፒከሩም አብሮ ጮኸ። የስልኩ ገጽ ላይ «እየሩስ» የሚል ስም በራ።

«እታለም!» አለች እየሩሳሌም ከወልድያ። የየሻረግ ታናሽ እህት ናት፤ ፍሬሕይወትም የምትኖረው እሷ ቤት ነው። በስፒከሩ ስለመጣች ድምፅዋ ጋራዡን ሞላው። «እየሰማሽ ነው? ልጃችን እየተናገረች ነው!»

«እንዴት ልስማ? አንች ደወልሽብኝ!»

«ምን?»

«ዝጊው! ስትደውይ ይቆማል!»

ዘጋችው። ነሲባ ሊንኩን እንደገና ከፈተችው። አንዲት ክብ ምልክት ስትዞር፣ ስትዞር ቆየች። ከዚያ ድምፅ መጣ፤ የሴት ድምፅ፣ ለስለስ ያለ፤ «…ከወልድያ ወደ ሐራ የምትሄዱ…»

«እሷ ናት!» አለ ተፈራ።

ስልኩ ጮኸ። አሁን የደወሉት የፍሬሕይወት የክርስትና አባት ናቸው። «የሻረግ፣ ሬዲዮ ክፈች! ቶሎ በይ፣ እንዳያመልጥሽ!»

«እሽ አባቴ፣ ከፍቻለሁ፣ ይዝጉት!»

እሳቸው ሲዘጉ ከሐራ ጨርቅ የሚያመጣላት ነጋዴ ደወለ። «ወላሂ ጆሮዬን ነው ያላመንኩት! ያንች ፍሬ ናት?» እሱ ሲዘጋ የእየሩሳሌም ጎረቤት ደወለች። እሷ ስትዘጋ እየሩሳሌም ራሷ እንደገና ደወለች፤ «ይሄኔ ከፈትሽው አይደል?» ልትል። የወልድያና የሐራ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ሬዲዮውን በሞገድ እየሰማ፣ እናትየው እንዳያመልጣት ሲል፣ እናትየውን አላሰማ አላት። ክቧ ምልክት አንዴ መዞር ትጀምራለች፣ ስልኩ ይጮሃል፤ እንደገና ትጀምራለች፣ ስልኩ ይጮሃል።

«የወሎ ሕዝብ በሙሉ ስልክ ቁጥርሽን ያውቃል እንዴ እትዬ?» አለች ነሲባ፤ ሳቅም ልቅሶም ይዟታል።

«ለደንበኞችሽ ባትነግሪ ኖሮ» አላት ተፈራ።

«ወልድያ ደንበኛ የለኝም! ይሄ የእየሩሳሌም ሥራ ነው!»

ከባጃጆቹ ሹፌሮች አንዱ ስልኩን አወጣ፤ ፓኬጁ ካለቀ ሰንብቷል። ሌላኛው ከነጭራሹ ቁልፍ ያለው ስልክ ነው የያዘው። የተፈራ ስልክ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ሲነኩት አይታዘዝም። ሰዓቱ ሦስት ከሰባት ሆነ። የሻረግ የልጇን ድምፅ እስካሁን የሰማችው «ከወልድያ ወደ ሐራ የምትሄዱ» ሲል ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ ሼህ አብዱልሐሊም ከጎማው ላይ ተነሡ። እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደው አንድ የታጠፈ መሐረብ አወጡ። መሐረቡን ሲፈቱት ሌላ መሐረብ አለ። እሱን ሲፈቱት ገና ላስቲኩ ያልተላጠ፣ የሚያብለጨልጭ ትልቅ ስልክ ወጣ።

«ልጄ ነው ከጅዳ የላከልኝ» አሉ። «ዓርብ ዓርብ በኢሞ እንተያያለን። ቁጥሩን ከእሱ በቀር ማንም አያውቀው። ኢንተርኔትም አለበት፤ እሱ ነው ከዚያ የሚሞላልኝ። ይሆናል?»

«አባባ!» አለች ነሲባ። «አንቱ ይህንን ይዘው ነው እስካሁን ዝም ያሉት?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የነሲባ ጣቶች እንዴት እንደሮጡ! ሊንኩን አስተላለፈች፣ ስፒከሩን አገናኘች፣ ክቧ ምልክት ዞረች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ጠፋችም።

«…የጠፋ ዕቃ ያገኛችሁ አሽከርካሪዎች እናመሰግናለን። ማክሰኞ ከመርሳ ወደ ወልድያ በመጣ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት የረሱት ነጠላ በጣቢያችን ይገኛል። ምልክቱን የሚናገሩ መጥተው ይውሰዱ…»

ሁሉም ወደ ስፒከሩ ተጠጋ። ፍሬሕይወት ናት። ድምፅዋ ቀጥ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይሄዳል። ሙዝ ሻጯ እጇን በአፏ ላይ አደረገች። ተፈራ «እዩዋት፣ እዩዋት» ይላል፤ የሚታይ ነገር የለም። የሻረግ የስፌት መኪናዋን ጎማ በእጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከልጇ ጋር ትራመዳለች። እዚህ ትያዛለች ብላ የፈራችበት አለፈ። እዚያም አለፈ። ስሪንቃ አቅራቢያ መንገድ ላይ ስላሉት ሠራተኞች ተናገረች፤ አለፈ። አንድ አድማጭ የላከውን ቀልድ አነበበች፤ የባጃጅ ሹፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ማሻአላህ!» አሉ ሼህ አብዱልሐሊም ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ። ከእጃቸው እንዲያስቀምጡት ነሲባ ብትለምናቸውም እንቢ ብለዋል። «ምላሷ ማር ነው! እንዴት ያለች ልጅ አለችሽ የሻረግ!»

ሦስት ሰዓት ከሃያ አራት ሲል ፍሬሕይወት እንዲህ አለች፦ «አሁን ደግሞ ከወልድያ ወደ ደሴ በመጓዝ ላይ ያለ አንድ አሽከርካሪ በስልክ መስመራችን ላይ ይገኛል። ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። መኪናህን ዳር አቁመህ ነው አይደል የምታናግረን?»

«አዎ እህቴ፣ አቁሜያለሁ። እንግዲህ የዛሬው መንገድ…» አለ የሹፌሩ ድምፅ፤ ቁርጥ አለ።

«ሄሎ?» አለች ፍሬሕይወት። «ወንድሜ፣ ትሰማኛለህ? ሄሎ?»

ከዚያ አንዲት አጭር ትንፋሽ ተሰማች። ወደ ውስጥ።

ከዚያ ዝም።

«አይ ኔትወርክ!» አለች ነሲባ።

«ኔትወርኩ ነው» አለች ሙዝ ሻጯም።

ከባጃጅ ሹፌሮቹ ትንሹ እጁን እንደ ጡሩምባ አፉ ላይ አድርጎ «ሞተሩ ጠፋ! ግፉት!» አለ፤ ለስልኩ ነው ያለው፤ ምንም አያውቅም። ተፈራ ዞሮ አየው። እጁ ላይ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ነበረ። ልጁ እጁን ከአፉ አወረደ።

የሻረግ ትንፋሿን ሰምታዋለች። ያቺን ትንፋሽ ከሺህ ትንፋሽ ትለያታለች። ቢሆንም ልቧ «ኔትወርክ ይሁን» ብሎ ለመነ። «ነሲባ፣ ኔትወርክ ነው?» አለች።

ነሲባ ጎንበስ ብላ ገጹን አየች። ከታች ያለው የሰከንድ ቁጥር ይቆጥራል። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሦስት። «አይ… እየሄደ ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። ወዲያው ባልተናገርኩ ብላ ከንፈሯን ነከሰች።

በዚያች ቅጽበት የየሻረግ ስልክ ጭኗ ላይ ጮኸ። እየሩሳሌም ናት።

«አንሺው እትዬ!» አለች ነሲባ። «እሷ በሞገድ ነው የምትሰማው! ይህን ሰምታ ጨርሳለች! ምን እንደሆነ ትነግርሻለች!»

«አንሺው!» አለ ተፈራም። «በእናትሽ አንሺው!»

እውነት ነው፤ ወልድያ ላይ ይህች ደቂቃ አልፋለች። የሆነው ሆኗል። ልጇ ወይ ተናግራለች፣ ወይ ማይኩ ተዘግቶባት ክራሩ ገብቷል። እየሩሳሌም ታውቃለች። ስልኩ ግን ለደስታም ለልቅሶም የሚጮኸው አንድ ዓይነት ነው፤ ከጩኸቱ ምንም አይታወቅም።

የሻረግ እጇን ዘረጋች፤ መልሳም ሰበሰበችው። በቤታቸው አንድ ሕግ ነበር። ልጅቱ ስትያዝ እንግዳው ሁሉ፣ ዘመዱ ሁሉ፣ ሊረዳት ብሎ ቃሉን ከአፏ ይነጥቅና ይጨርስላት ነበር። ብርሃኑ ይህን ሲያይ ይቆጣል። «ተዉዋት፣ የራሷ ነው፤ ራሷ ታምጣው» ይላል። ማዕድ ቀርቦ፣ ወጡ ቀዝቅዞ፣ ሦስቱም ዝም ብለው የሚጠብቁበት ቀን ነበር። የሚመጣውን ቃል ከሌላ ሰው አፍ አይቀበሉም ነበር።

ስልኩን አንሥታ በተቆለሉት የወንበር ልብሶች ሥር ሸጎጠችው። ከጨርቁ ሥር ማጉረምረሙን ቀጠለ።

«እንጠብቃት» አለች።

አንድ የጭነት መኪና በአስፋልቱ እየተንቀጠቀጠ አለፈ፤ ሼህ አብዱልሐሊም ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ከድምፁ ከለሉት። አርባ አንድ። አርባ ሁለት። ሙዝ ሻጯ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

መጀመሪያ የተሰማው ማንጎራጎር ነበር፤ ከሩቅ እንደሚመጣ፤ ዜማ ብቻ፣ ቃል የሌለው። የተፈራ እጅ ቁልፉን ለቀቀው፤ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ጮኸ።

«መርሳ…» አለ ስፒከሩ። «መርሳ… ስሪንቃ፣ መርሳ!» ድምፁ ከፍ አለ፤ ተከፈተ፤ ሬዲዮ መሆኑን ረሳው። «ስሪንቃ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ! መርሳ ያለ! መርሳ ያለ! አንድ ሰው የቀረው!»

ጥላው ሥር ያለው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ተፈራ ዘለለ፤ የሚኒባሱ መስታወት ላይ ራሱን ቢመታም አልተሰማውም። «የእኔ ጥሪ ነው!» ይላል። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት! ጉንፋን ይዞኝ! እኔ ነኝ!» የባጃጅ ሹፌሮቹ ወደ ባጃጆቻቸው ሮጠው ጡሩምባቸውን ለቀቁት። ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ምን እንደሆነ ሳያውቁ መለሱላቸው። ነሲባ «እልልል!» አለች፤ ሙዝ ሻጯ ተቀበለቻት። ሼህ አብዱልሐሊም በዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል ስልኩን ከፍ አድርገው ይዘው «ዝም በሉ! ገና እየተናገረች ነው! ዝም በሉ ምን ነካችሁ!» እያሉ ይጮሃሉ።

«…ይቅርታ አድማጮቼ» ትላለች ፍሬሕይወት፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አለ። «ሹፌራችን ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ገባብን፤ እኔም ለጊዜው ቃል ጠፋኝ። አንዳንዴ እንዲህ ያደርገኛል። ቃል ሲጠፋኝ የምጠራው ይህንን ነው። አባቴ ነው በሩ ላይ አቁሞ ያስተማረኝ። እንግዲህ መስመሩ እስኪመለስ ስለ መርሳ መንገድ እኔ ልንገራችሁ፤ ያደግሁበት ነው…»

የጥሪው አቅጣጫ ዞሯል። ያኔ ከመርሳ ወደ ወልድያ ነበር የምትጠራው፤ ዛሬ ወደ ቤት ነው። የሻረግ ቀና አላለችም። ክር አንሥታ፣ ጫፉን በምላሷ አርጥባ፣ በመርፌው ዓይን ልታስገባ ሞከረች፤ መርፌው አስቀድሞም ክር ነበረው። ተፈራ አይቷት ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከወንበር ልብሶቹ ሥር ስልኩ እንደገና አጉረመረመ። ነሲባ ቆፍራ አወጣችው። «እትዬ! እሷ ናት! ራሷ ፍሬ ናት የምትደውለው!»

ሼህ አብዱልሐሊም ወደሚጮኸው ስልክ አዩ፤ ወደያዙት ስልክም አዩ። ከእጃቸው ፍሬሕይወት ስለ መርሳ ማንጎ ታወራለች። «ሁለት ናት እንዴ ልጅሽ?»

«አንሺያት እንጂ!» አለች ነሲባ።

«ቆይ» አለች የሻረግ። «ገና አልጨረሰችም።»

ስልኩ ጮሆ ጮሆ ቆመ። እንደገና ጮኸ። የሻረግ እጇን በላዩ ላይ አድርጋ ጠበቀች። በስፒከሩ ፍሬሕይወት አድማጮቿን አመሰገነች፣ ሹፌሮች ቀስ ብለው እንዲነዱ ለመነች፣ ስሟን ከነአባቷ ተናገረች። ፍሬሕይወት ብርሃኑ ነበርኩ አለች። ክራሩ ገባ። የሻረግ ያን ጊዜ አነሣችው።

«እማዬ! ለምን አታነሽም? ሰማሽኝ?»

«አሁን ነው የጨረስሽው።»

«እኔ እኮ ከጨረስኩ ቆየሁ!»

«እኛ ጋ ገና አሁን ነው።»

ልጅቱ ሳቀች። ከበስተጀርባዋ ሰዎች ይንጫጫሉ። «ሰማሽው? ስያዝ… ሰማሽው?»

«ሰማሁት። አለቃሽስ? ምን አለ?»

የሻረግ ስልኩን በጆሮዋ ላይ ጨመቀችው።

«ሰኞ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ አለኝ።»

የሻረግ የስፌት መኪናዋን ጠርዝ ያዘች። «ወዴት? ወደ መርሳ?»

«ኧረ እማዬ! ወደ ቢሮ! ጠረጴዛ ሰጡኝ፤ የራሴ ጠረጴዛ! ተቀጠርኩ እኮ! ጥሪውንም የዝግጅቱ መግቢያ እናድርገው ብለውኛል፤ ግን መጀመሪያ አንችን ልጠይቅ ብያለሁ። ይሁን?»

ተፈራ፣ ነሲባ፣ ሼህ አብዱልሐሊም፣ ሙዝ ሻጯ፣ ሁሉም አፏን ያያሉ። የስልኩን ድምፅ አልሰሙም፤ የሚጠብቁት የእሷን ነው።

«ይሁን» አለች የሻረግ። ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «አሁንስ ልምጣ? በመስታወት ብታይኝ ትችያለሽ?»

«ነይ! አሁኑኑ ነይ! አክስቴ እያለቀሰች ነው፤ ደውዬ ደውዬ አላነሣችልኝም ብላ ደግሞ ተቆጥታለች።»

የሻረግ ስልኩን ዘግታ ቆመች። «ተቀጠረች» አለች። እልልታው ሳያልቅ የሥራ ሽርጧን ፈትታ ነጠላዋን ከምስማሩ ላይ አወረደች። ተፈራ ማንም ሳያዘው ሚኒባሱ ውስጥ ዘሎ ገባ፤ ሞተሩን አስነሣው፤ ክላቹን ረገጠው፤ ሠራለት።

«አዲስ ክላች መሞከር አለበት» አለ። «መሞከሪያው ደግሞ ወልድያ ድረስ ነው። ባለቤቱ አይቆጣም።»

«ፓምፔስ?» አሉ ሼህ አብዱልሐሊም።

«አልቋል አባባ፣ አንድ ቧንቧ ነው የቀረው፤ ከቀትር በፊት ተመልሼ አስርልዎታለሁ።»

«ሽንኩርቴ ሁለት ቀን የጠበቀ እስከ ቀትር ይጠብቅሃል።» ስልኩን በአንዱ መሐረብ፣ ያንን ደግሞ በሌላው ጠቅልለው ወደ ደረታቸው መለሱት። «ቆይ ግን፤ የፊታችን ቅዳሜም እዚሁ እመጣለሁ። ልጅቱ የኔ ስልክ ላይ ናት የምትናገር።»

ተፈራ ሚኒባሱን ከጥላው አውጥቶ አስፋልቱ ዳር አቆመው። ከዚያ ወርዶ፣ ግራሶ የነካውን እጁን በሩ ላይ ጥሎ፣ አንዱን እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ያንን የድሮ ድምፁን አወጣው።

«ስሪንቃ! ወልድያ! ወልድያ ያለ! አንድ ሰው የቀረው!»

መኪናው ውስጥ ማንም አልነበረም። የሻረግ እየሳቀች ገባች።